በራስሽ አፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ አንደኛ ደረጃ ላይ የቆመ ነው፤ እሱንም የተማርኩት በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው። ከኢትዮጵያ ተሰዶ የመጣ ሰው ስለነበር ልጆቹ በቋንቋው ማንበብ እንዲያቅታቸው አልፈለገም። የምጽፈው ስለምኖርበት ግቢ ነው። ሰሞኑን ክፍል አለ ወይ እያሉ የሚመጡ ሴቶች በዝተዋል። እኔ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ማስረዳት አይሆንልኝም፤ ሰው ፊት ስቆም ቃል ይጠፋኛል።

ግቢው በኬንያዋ ሞያሌ ውስጥ፣ ሄሉ በሚባለው ሰፈር ነው። ክፍሎቹ የቆርቆሮ ናቸው፤ እያንዳንዳችን የየራሳችን በርና ቁልፍ አለን። ማድ ቤቱ፣ የውሃ ታንከሩና ምሳው ግን የጋራ ነው። የምንኖረው ባል የሞተባቸው፣ የተፋቱ ወይም እንደ እኔ ብቻቸውን የሆኑ ሴቶች ነን። ክርስቲያንም ሙስሊምም ስላለን የሥጋ ድስቱ ሁለት ነው። ምስርና ባቄላ ሲሆን ሁላችንም ከአንድ ድስት እንበላለን፤ ለዚህም ይመስለኛል ሥጋ የምንሠራው ከስንት አንዴ የሆነው። ወጥ መሥራት፣ ግቢ መጥረግና ውሃ መሙላት በተራ ነው። የውሃ ተረኛዋ የአህያ ጋሪው ሲመጣ ጀሪካኖቹን እየተሸከመች ታንከሩ ውስጥ ትገለብጣለች።

እኔ ድሮ ከተማው መሀል ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጥብ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ታምሜ ስተኛ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ሲሻለኝ ወደ ሆቴሉ ብመለስ በቦታዬ ሌላ ሰው ቀጥረዋል። ከስቼ ስለነበር ቀሚሴን ላስጠብብ እዚህ ግቢ ወደምትኖረው ልብስ ሰፊ መጣሁ። ምሳ በልተው ጨርሰዋል፤ አንድ ሳህን ግን ተከድኖ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ከገበያ ላልተመለሰችው ሴት መሆኑን ነገረችኝ። ያን ሳህን አይቼ ነው የመጣሁት። አሁን የሚመጡትም እንዲህ ያለ ነገር አይተው ይመስለኛል። የበሩን ሕግ ግን አያውቁም።

ሕጉን የነገሩኝ ግቢውን የመሠረቱት እማማ ናቸው፤ ገና ፍራሼን ሳላነጥፍ።

"ሰው ሊወስድሽ ቢመጣ ከኋላሽ እንቆማለን" አሉኝ። "አንገፋም፣ አንሳደብም፣ ስለ አንቺም አንናገርም። እሄዳለሁ ወይም አልሄድም የምትይው አንቺ ነሽ፣ በራስሽ አፍ።"

ከእኔ በፊት ለነበረች ልጅ እነ እማማ ተናግረውላት ነበር። ዘመዶቿን አትሄድም ብለው ሲመልሷቸው ሰዎቹ ቺፉን፣ የመንግሥት ሹሙን፣ ይዘው ተመለሱ። ልጅቷ ቺፉ ሲጠይቃት ፈራችና ከልክለውኝ ነው አለች። ግቢው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ማንም ለማንም አይናገርም።

እኔ ይህን ስሰማ ትምህርት ቤቴ ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት እያለሁ አስተማሪ ሲጠራኝ ተነሥቼ እቆማለሁ፤ መልሱን እያወቅኩት፣ ተቀመጪ እስክባል ድረስ ድምፄ አይወጣም። ሶሎሎ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ለአንድ ሰው ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ነበር። ሰውዬው ኡራን የሚባል መንደር ውስጥ የጭነት መኪና ያለው ነው። መጥፎ ነው ሲባል አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ፤ እሱም መኪናው ሥር ተኝቶ ሲጠግን እግሩን ነው። ወንድሜ እዚህ መግባቴን ሲሰማ መጥቼ እወስዳታለሁ ብሎ ላከ።

ከዚያ በኋላ ሞተር ብስክሌት በመንገዱ ሲያልፍ የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቅ ነበር። ማንኪያም ይሁን ብርጭቆ። ሰው የሌለ ሲመስለኝ ከታንከሩ ጀርባ እሄድና "አልሄድም" እያልኩ እለማመዳለሁ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ደረሰችብኝ።

"ለታንከሩ ነው የምትነግሪው?" አለችኝ። "እሱ እንኳ ሚስት አይፈልግም፣ አትፍሪው።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ቃል ስለማመድ አደርኩ።

ወንድሜ የመጣው አንድ ቀን ጠዋት ነው፣ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር። ተቆጥቶ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር። እማማን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፣ የሁሉንም ጤና ጠየቀ፣ የሰጡትን ውሃ ጠጥቶ አመሰገነ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አንዷ እጇ ላይ ሊጡ እንዳለ ነበር።

"በይ እህቴ፣ ልብስሽን ያዢ" አለኝ። "እናታችን ትጠብቅሻለች።"

የተለማመድኩት ቃል ጠፋ። ወንድሜ ትንሽ ጠበቀኝና ወደ ክፍሌ ገባ። ማንም አልከለከለውም። ሻንጣዬን ይዞ ሲወጣ ዞር ብዬ ሴቶቹን አየኋቸው። እማማ የልብስ ሰፊዋን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል፣ እንዳትናገር። በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላኋቸው። እንዲህ ዝም የሚሉ ከሆነ ከኋላዬ መቆማቸው ምን ይጠቅመኛል አልኩ በልቤ።

ወንድሜ ሻንጣውን ሞተሩ ላይ በገመድ አሰረ። ባለ ሞተሩ አስነሣ። የወንድሜ እጅ ክንዴን ሲይዘኝ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ፣

"ዛሬ የውሃ ተራ የእኔ ነው" አልኩ።

ሞተሩ ስለሚጮህ አልሰማኝም። ባለ ሞተሩን አጥፋው አለና "ምን አልሽ?" ሲል ጠየቀኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ታንከሩን የምሞላው እኔ ነኝ።"

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሳለሁ እንደሚስቅብኝ ነው የሳቀው። "ሌላ ሰው ይሞላዋል" አለኝ።

"ነገ ደግሞ ወጥ እሠራለሁ።"

"እሺ፣ ከነገ ወዲያ ልምጣ?"

"ከነገ ወዲያ እጠርጋለሁ" አልኩ። ልብሴ ላይ ሽንት ያመለጠኝ መስሎኝ ወደ ታች አየሁ፤ አላመለጠኝም። ከዚያ እንዳላቋርጥ ፈርቼ መሬቱን እያየሁ ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ፤ የምኖረው እዚህ ነው፣ ሰውዬውን አላገባም፣ ከልካይ የለብኝም፣ ራሴ ነኝ የቀረሁት አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር፤ ቀጥኖ የሚንጫጫ ነገር ነው።

ወንድሜ ወደ እማማ ዞረ። "እርስዎ ነዎት ያስጠኗት?" አላቸው። እማማ እኔን ነው ያዩት።

"ማንም አላስጠናኝም" አልኩት።

ገመዱን ፈታ። ሻንጣዬን አልወረወረውም፤ መሬት ላይ አስቀምጦ የነካውን አቧራ በእጁ ጠረገለት። ይህን ሳይ ልከተለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እናቴ የምትደውልልኝ በእሱ ስልክ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስደውል አይነሣም። ሞተር ሲያልፍ ዛሬም እደነግጣለሁ፤ ድሮ የምፈራው ይመጣል ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ሳይቆም ሲያልፍ ነው የሚብስብኝ። ክፍል ፈልገው የሚመጡት ሴቶች ይህንንም ቢያውቁት ጥሩ ነው። እዚህ ሳህን ተከድኖ ይጠብቃል፤ በሩ ላይ የሚባለው ነገር ግን ምን እንደሚያስከፍል አስቀድሞ የሚነግር የለም።

ያን ቀን ወንድሜ ሞተሩ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ሌሎቹ እንዲሰሙ አልፈለገም። ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦

"እንግዲህ እናታችን ብትሞት የሚያረዳሽ ሰው የለም።"