በእኔ ፈንታ ያለቀሱት ሴት

እኔ አላለቅስም። በልጅነቴ እንኳ እናቴ ስትገርፈኝ አፌን ገጥሜ እቆም ነበር ይሉኛል። ሐዘን ስለማይገባኝ አይደለም፤ ዓይኔ እሺ አይልም። በእኛ በጋይንት ደግሞ ለቅሶ ላይ እንባ የሌላት ሴት፣ ያውም ሚስት ከሆነች፣ ስሟ አይተርፍም።

ባለቤቴ የሞተው ገብሱ ሳይታጨድ ነው። ሁለት ክረምት አልጋ ላይ ውሏል። ሳጥበው፣ ሳገላብጠው፣ ሳጎርሰው ከርሜ፣ የሞተ ዕለት ጠዋት መጀመሪያ ያሰብሁት አንሶላው መታጠብ እንዳለበት ነበር። ድንኳን ተተከለ። ከእስቴም ከስማዳም ዘመድ መጣ። እየጮኹ፣ ደረታቸውን እየመቱ ሲገቡ ተነሥቼ እቀበላቸዋለሁ። እነሱ የሚያዩት ግን ዓይኔን ነው።

የባለቤቴ እህቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር።

"ቢሮ የተቀመጠች መስሏታል" አለች አንደኛዋ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አርብ ገበያ ከተማ የመንግሥት ሥራ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ነገሩ ለእኔ እንደሆነ ገባኝ።

"ምን ታልቅስ፤ ተገላገለች እኮ" አለች ሌላዋ።

የፈራሁት ይህንን ቃል ነበር። ለቅሶ ቤት የተባለ ነገር አርብ ገበያ ይደርሳል፤ ከገበያ ደግሞ ወደ ልጆቼ ጆሮ ይመለሳል። እናታችሁ በአባታችሁ ሞት ተገላገለች ከተባሉ ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? ለማልቀስ ሞከርሁ። የሞተ ፊቱን አሰብሁ። ምንም አልመጣም።

ከቀትር በኋላ ከስማዳ ሌላ ለቀስተኛ ገባ። ከፊት ያሉት ሴት ባለቤቴ ከእኔ በፊት ያገባቸው ናቸው። ልጅ ሳይወልዱለት ተፋተው፣ ከብት ተካፍለው፣ ወገዳ አጠገብ ወዳለው የአባታቸው መሬት ተመልሰው ይኖሩ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ የሽሮ እህል አዘጋጅተው በሰው ልከውልኛል፤ ከዚያ ሌላ እምብዛም አንገናኝም። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሁለታችን ፊት ለፊት ስንሆን የሚሆነውን ለማየት ነው።

መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ፊቴን አንድ ጊዜ አዩና ነጠላቸውን ዘርግተው ራሴን ከነትከሻዬ ሸፈኑት፤ ወደ ደረታቸው አስጠጉኝ።

"ትከሻሽን ብቻ ነቅነቅ አድርጊ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው" አሉኝ በጆሮዬ።

ከዚያ አለቀሱ። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እንባቸው አንገቴ ላይ ይወርዳል። እኔ ከነጠላው ሥር ሆኜ ትከሻዬን እነቀንቃለሁ። ነጠላው የጢስና የበግ ሽታ ነበረው።

ሙሾ አውራጇ ግን በቀላሉ የምትታለል አልነበረችም። ተነሥታ ወደ እኛ ዞረችና አወረደች፦

"በሬ ጠምዶ ውሎ ላበላት አርሶ፣
አንዲት ዘለላ እንባ ታጣ ተመልሶ።"

ሴቶቹ "ወይኔ" ብለው ተቀበሏት። እሳቸው ለቅሷቸውን አቆሙ። አፍንጫቸውን ጠረጉና ቀና አሉ።

"አንቺ፣ እኔ ያለቀስሁት የእሷንም ጨምሬ ነው። ካነሰሽ ልድገምልሽ?"

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ደበቀው። ሙሾ አውራጇም ግጥሟን ወደ ሟቹ አባት ጀግንነት መለሰችው። ከዚያ ወዲያ እኔን ያነሣ የለም። እሳቸው እስከ ሠልስቱ ድረስ ከጎኔ አልተነሡም።

ሊሄዱ ሲሉ እስከ ወንዙ ሸኘኋቸው።

"እትዬ፣ ለምን እንዲህ አደረጉልኝ?" አልኋቸው።

"አንቺ አስታመሽዋል። እኔ ያስታመምሁት የለኝ፤ እንባው ተርፎኝ ነው" አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ "ለነገሩ ከአንቺ ጎን ካልሆነ የት ተቀምጬ ላለቅስለት ኖሯል?" አሉ። ጫማቸውን አውልቀው ወንዙን ተሻገሩ።

በዕድሜዬ ደግ የሚባሉ ሰዎች አይቻለሁ። ከእሳቸው የሚበልጥ ግን አላየሁም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የወንድማቸው ልጅ ደውሎ መሞታቸውን ነገረኝ። በማግስቱ በጭነት መኪና ወገዳ ድረስ ሄድሁ፤ የቀረውን በእግሬ። በመንገዱ ሁሉ ዛሬስ እንባዬ ይመጣል እያልሁ ነበር። ለሌላ ሰው ባይሆን ለእሳቸው ይመጣል።

ድንኳኑ በር ላይ አንዲት ወጣት ተቀበለችኝ።

"ምናቸው ነዎት እማማ?"

ለዝምድናችን ሌላ ስም ፈለግሁ። የለውም።

"ጣውንታቸው ነኝ።"

የሰሙት ሁሉ ዞሩ። ገብቼ ተቀመጥሁ። ነጠላዬን በራሴ ላይ ሳብሁት። ወንዙን አሰብሁ፣ የሽሮውን እህል አሰብሁ፣ አንገቴ ላይ የወረደውን እንባ አሰብሁ። ዓይኔ ደረቅ ነበር። በመጨረሻ እንዳስተማሩኝ ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

"ጣውንት እንዲህ ስታለቅስ አያችሁ?" አለች አንዲት ሴት። "ደግ ነበሩ እኮ፤ ይገባቸዋል።"

ቆይቶ አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝ።

"ይብቃሽ እህቴ፣ ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ።"

ላለቀሰ ሰው እንደሚደረገው በጣሳ ውኃ አመጡልኝ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ታጠብሁ፤ ውኃው በጉንጬ ወርዶ አንገቴ ድረስ ደረሰ። አልጠረግሁትም።