ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል

ቤታችን ውስጥ ዋናው የክብር ቦታ የፍሪጁ ነው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቆሟል። ወጥ ቤት ቢቀመጥ ለሥራ ይመች ነበር፤ ግን ወጥ ቤት ከገባ እንግዳ በምን ያየዋል? ታላቅ እህቴ ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ የተገዛ ፍሪጅ ነው፤ ይህንንም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእናቴ አፍ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እናቴ ፍሪጁን የምታስተዳድረው በራሷ ሕግ ነው። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሂና፣ የዓይን ጠብታ፣ የሞቱ የሬዲዮ ባትሪዎች ይቀመጣሉ። «ሲቀዘቅዙ ነፍስ ይዘራሉ» ትላለች። በሩ ላይ በዱቄት ወተት ጣሳ በርበሬ አለ። ከበርበሬው አጠገብ ደግሞ ቁልፋቸው የጠፋ ሁለት ጓጉንቸሮች ነበሩ፤ ለምን እዚያ እንደገቡ እሷም አታውቅም፣ ማንም እንዲያወጣቸው ግን አትፈቅድም።

ፍሪዘሩ ላይ ግን ቀልድ የለም። ፍሪዘሩ አማና ነው፣ የሰው አደራ። በእኛ መንደር ፍሪዘር ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋውን የሚያኖረው እናቴ ዘንድ ነው። ስም የተጻፈበት ነገር የለም፤ የሙስሊሙ በጥቁር ፌስታል፣ የክርስቲያኑ በሰማያዊ ፌስታል ይታሰራል፣ የማን መሆኑን ደግሞ እናቴ ከቋጠሮው ታውቃለች። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ይጋባል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሲታመም አንዱ ሌላውን ያስታምማል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቢላዋው ይለያል፤ በቢስሚላህ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፣ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሙስሊሙ አይነካም። ሠርግ ላይ እንኳ ድስቱ ሁለት ነው። በዚህ ማንም አይቀየምም፤ ልክ ቀኝ ጫማና ግራ ጫማ እንደማለት ነው።

እህቴ ከዓመታት በኋላ ለአረፋ መጣች። ቪዛዋ ገና አላለቀም፣ አሠሪዋም በየሁለት ቀኑ እየደወለች «መቼ ነው የምትመለሺው?» ትላታለች። እናቴ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን ከአፏ አላወጣችም። እኔን ግን ጓሮ ወስዳ ክንዴን ቆንጥጣ አስጠነቀቀችኝ።

«እንዳታስከፊያት። ያለችሽን ሁሉ እሺ በያት። ከከፋት ትሄድብኛለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ እንግዳ ሆነች። ያልተሰነጠቀው ብርጭቆ የእሷ፣ ለስላሳው ትራስ የእሷ፣ ከወጡ መሀል የሚወጣው ጉበት የእሷ። አንድ ሲኒ ልጠብ ብላ ብትነሳ እናቴ «ኧረ በአላህ ተቀመጪ ዓለሜ!» ብላ ትቀማታለች። ሲኒውን ማን አጠበው? እኔ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ስመጣ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ይህቺ ዘገምተኛ መጣች!» የሚለኝ ድምፅ በር ላይ ይጠብቀኛል። በቀን ሦስቴ ካልተሰደብኩ ፀሐይ አትጠልቅም። ቀንቼ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ እህቴ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«በሰው ቤት እንኳ ማንኪያው የት እንዳለ አውቅ ነበር» አለችኝ። «እዚህ ማንኪያ ልፈልግ ስነሳ ተቀመጪ እባላለሁ። ታዲያ ምን አባቴ እሠራለሁ እዚህ? ብሄድ ይሻለኛል መሰለኝ።»

እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ ወረወርኩት። «ታዲያ ቤቱን አስተካክይልን» አልኳት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ከዚህች አፌ የወጣው ነገር ቤቱን ገለበጠው። እህቴ በማግስቱ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ተነሳች። ከአልጋ ሥር የተጠራቀሙት የሃይላንድ ጠርሙሶች ወጡ። በብስኩት ቆርቆሮ የተሞላው የክር ቁርጥራጭ፣ እጀታ የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን፣ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ካርቶን፣ ሁሉም ወጣ። እናቴ በር ላይ ቆማ ዕቃዎቿ አንድ በአንድ ሲያልፉ አስከሬን እንደምትሸኝ ታያቸዋለች። እህቴ «ይሄስ ይጣል እማ?» ስትላት ጥርሷን ነክሳ «አብሽሪ ልጄ፣ ይጣል» ትላለች። ባትሪዎቹ ሲጣሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጓጉንቸሮቹ ሲወጡ ውዱእ ላድርግ ብላ ገባች፤ የሶላት ሰዓት ግን አልደረሰም ነበር።

እኔ በሳቅ ልሞት። ያቺን ክር ልጣል ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ከክሩ ጋር እኔም እጣል ነበር።

ፍሪዘሩ የተነካው እናቴ አምባሰል ዘመድ ለቅሶ የሄደች ቀን ነው። ማታ ሱቄን ዘግቼ ስገባ እህቴ በሩን ከፍታ አሳየችኝ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ይዛቸው በመጣቻቸው ነጫጭ የፕላስቲክ ሣጥኖች ሁሉ ነገር ተሰድሯል። የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ተጠርጎ በአንድ ወገን፣ ሥጋው አጥንቱ ወጥቶ፣ ስቡ ተገፎ፣ ታጥቦ፣ እኩል እኩል ተከትፎ በሌላ ወገን። የሱቅ መስኮት ነው የሚመስለው።

«ማሻአላህ!» አልኩ። ከዚያ ጥቁርም ሰማያዊም እንደሌለ አየሁ። «ፌስታሎቹስ?»

«ጣልኳቸው። ሥጋውን አንድ ላይ አደረግኩት።»

«ሰማያዊውንም?»

«ሥጋ አይደለም እንዴ?» አለችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። በነበረችበት አገር ፍሪዘር ውስጥ ያለ ሥጋ ሁሉ አንድ ነው፤ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እጇ እዚያ የለመደውን ነው እዚህ የሠራው።

ሰማያዊው ፌስታል የማን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታችን ሴት ልጃቸው ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። የሰኔ ጾም ሳይገባ በግ አስቀድመው አርደው ለአራስነቷ ብለው እናቴ ዘንድ አስቀምጠዋል፤ አራስ አትጾምምና። አሁን ያ በግ ከእኛ የአረፋ በግ ጋር ተቀላቅሎ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። እኛም አንበላው፣ እነሱም አይበሉት።

እናቴ ስትገባ ገና ነጠላዋን አላወለቀችም ነበር። እህቴ ራሷ ነገረቻት። እናቴ ፍሪዘሩን ከፈተች፣ አንዱን ሣጥን አወጣች፣ ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው፣ መለሰችው። እኔ አንገቷ ላይ ያለውን ሥር ነበር የማየው። አውቀዋለሁ ያንን ሥር።

«አንቺ የማትረቢ!» ብላ ጀመረች። «ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው የመጣሽው? ዓረብ አገር ሄደሽ ሥጋ መለየት ጠፋሽ? ሰው አምኖኝ! ለአራስ ብሎ አምኖኝ ያስቀመጠውን! ፍሪጅ ላክሁ ብለሽ ቤቴን ልትገለብጪው ነው? ወላሂ ይሄን ፍሪጅ በራስሽ ላይ ነው የምደፋው! ደግሞ ባትሪዎቼስ? ክሬስ? ያ ድስትስ ምን አደረገሽ? ዝም ባልኩ! ዝም ባልኩ እኮ ነው ሁሉ የመጣው!»

እኔ ጥግ ይዤ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ያልሆነ ስድብ በጸጥታ አዳመጥኩ። እህቴን ሳያት ግን እንባዋ ይወርዳል፣ ከንፈሯ ደግሞ ሳቅ ሊያመልጠው ይታገላል። «እሺ እማ» ትላለች፣ «እሺ እማ፣ ይቅር በይኝ»፤ እናቴ አላቆመችም፣ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ነው የለቀቀችባት።

ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ምነው? ሰው ሞተ?»

እናቴ ወደ አጥሩ ሄዳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ነገረቻቸው። እናቴ በሰው ፊት ስታፍር አይቼ አላውቅም ነበርና አንጀቴን በላችው። ጎረቤታችን እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ አጥሩን ይዘው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«እኔ እኮ ልጅሽ ከመጣች ወዲህ ድምፅሽ ቢጠፋብኝ፣ አመማት እንዴ ብዬ ልጠይቅሽ ልመጣ ነበር!»

«ተይ አትሳቂ» አለች እናቴ። «አማናሽን በልቻለሁ።»

«በግ ነው እንጂ ነፍስ አይደለም።»

እናቴ ዞር ብላ ጣቷን በእህቴ ላይ ቀሰረች። «ነገ ጠዋት ውጫሌ ገበያ ትሄጃለሽ። በግ ገዝተሽ ትመጫለሽ። ከሲታ ይዘሽ ትመጪና ደግሞ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ምን ትገተሪያለሽ? አብረሻት ትሄጃለሽ!»

ውጫሌ ሄድን። እህቴ ከነጋዴዎቹ ጋር ስትከራከር፣ የበጉን ላት ስትዳስስ፣ ጥርሱን ስታይ ዋለች። በጉን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሳስረን ስንመለስ እየጮኸ መጣ፤ ተሳፋሪውም እየሳቀ። በግ እስኪታረድ ድረስ ሃይማኖት የለውም፤ በዚህ ተገላገልን። የጎረቤታችን ባል፣ ለአራስ ነው ብለው በጾሙም ቢሆን፣ ግቢያቸው ውስጥ አረዱት። የተቀላቀለውን ሥጋ የሰፈሩ ውሾች ወረሱት፣ እነሱም አረፋ አደረጉ። ነጫጭ ሣጥኖቹን እናቴ ክርና መርፌ አስገባችባቸው፤ «ለዚህ ነው የሚሆኑት» ብላ።

የጎረቤታችን ልጅ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ ወለደች። እኔና እህቴ ልንጠይቃት ገባን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት። ሕፃኑን እህቴ ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ጎረቤታችን ለአራሷ የበጉን መረቅ እያቀረቡላት ነው። በመሀል የእናቴ ድምፅ አጥሩን ዘልሎ ገባ።

«አንቺ ሥራ ፈት! ድስቱ አሮ ቀረ እኮ! የት ሄደሽ ነው የተጎለትሽው?»

ሁለታችንም ከተቀመጥንበት ተነሳን። ስም አልጠራችም። እኔ ከልማድ ጫማዬን መፈለግ ጀምሬ ነበር።

እህቴ ሕፃኑን እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«እኔን ነው» አለች። «እኔን ነው የጠራችው።» ወጥታም «መጣሁ እማ!» እያለች ወደ ቤት ሮጠች።