የራሙሉ ግራ ጠርዝ

ሥራ የገባሁበት ቀን ሚስ ኮማላ ወንበር እንኳ ሳይሰጡኝ ሁለት ሻርፖች ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና፣ «በእጅ የተሠራው የትኛው ነው?» አሉኝ። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ወርቃማ ጥለት አላቸው። ላላወቀ ሰው መንታ ናቸው።

ገልብጬ ጀርባቸውን አየሁ። ጠርዛቸውን በሁለት ጣቶቼ መሃል አሳለፍኩና «ይሄኛው» አልኩ። እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ማጉ ጠርዝ ደርሶ ሲመለስ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል፤ ማሽን እጁ አይደክመውም አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«የት ተማርከው?»

«ሸማኔ ነበርኩ።»

አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት አብረውኝ የሠሩ ያገሬ ልጆች የሚያውቁኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደነበርኩ ነው። እኔው ነኝ እንደዚያ ያልኳቸው። ሽሮ ሜዳ ሳድግ፣ በዓል ሲመጣ ሸማ ለብሶ የሚኮራው ሰው ሁሉ «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ለስድብ ነበር የሚያውለው። ልብሱን እየወደደ የሠራውን ሰው ይንቃል። እኔም ንቀቱን ከዕቃዬ ጋር ሸክፌ ይዤው መጣሁ።

ሱቁ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የባቡር መስመር እገባለሁ፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ፣ ከጣቢያው በእግሬ ቁልቁል ነው። ሚስ ኮማላ ከህንድ የእጅ ሥራ ያስመጣሉ፤ ሳሪ፣ ሻርፕ፣ በእንጨት ማኅተም የታተመ የአልጋ ልብስ፣ የናስ ዕቃ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ ሆኗል። በእንግሊዝኛ ብናወራም እኔ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው።

ማዕረጌ «ስቶክ»፣ ማለትም ዕቃ ክፍል፣ ይባል ነበር። ዋናው ሥራዬ ግን ፈተና ነው። ከህንድ የመጣ ጨርቅ ሁሉ በእኔ እጅ ሦስት ፈተና ያልፋል። መጀመሪያ ጠርዙ ይታያል። ሸማኔ ጨርቁ እንዳይጠብበት ጫፎቹ መርፌ ባላቸው ዘንግ ወርዱን ይወጥራል፤ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ቀጥሎ ጀርባው ይታያል፣ የጥለቱ ክር እንዴት እንደተሻገረ። ሦስተኛው ፈተና የብርሃን ነው። የጓሮው መስኮት ላይ ጨርቁን ሰቅዬ ፀሐይ በስተጀርባው እንዲሆን አደርጋለሁ። ሸማኔ ክንዱ እስከሚደርስበት ይሠራና ቆም ብሎ የሠራውን ከፊቱ ባለው የእንጨት ግንድ ላይ ይጠቀልላል። በጠቀለለበት ቦታ ማጉ ትንሽ ይሳሳል፤ በብርሃን ሲታይ ፀጉር የምታክል መስመር ትወጣለች። ማሽን እየሠራ ስለሚጠቀልል ይህ መስመር የለውም።

ሦስቱን ያለፈ ጨርቅ ላይ የሸማኔው ስም ያለበት ምልክት እሰፋለሁ፤ ከምልክቱ ጀርባ እፈርማለሁ። የእኔ ፊርማ የሌለበት ጨርቅ መደርደሪያ ላይ አይወጣም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን እንደፈለጉት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እዚያ መንደር ውስጥ አንድ የሽመና ዕቃ ሲሠራ ማቅለሚያው ይሠራል፣ ክር ማዳወሩ ይሠራል፣ ክሩን በሩዝ ውሃ የምታጠነክረው አሮጊት ትሠራለች። ዕቃው ሲቆም ሁሉም ይቆማል። ፋብሪካው ደግሞ አንድ ወር የፈጀ ጥለት ዐይቶ በአንድ ቀን ይገለብጠዋል፤ በእጅ የተሠራ ነው ብሎ ይሸጠዋል። እኔ የምችለው አለመዋሸት ብቻ ነው» አሉኝ።

እሳቸው እንዲህ ሲሉ እኔ ስዋሽ ነበር የምውለው። ጽጌ የምትባል፣ ከቤተክርስቲያን የማውቃት ልጅ አንድ ቅዳሜ ገባች።

«ውይ ጋሽ ታደሰ! እዚህ ነው እንዴ የሚሠሩት? ለእህቴ ዌዲንግ ሻርፕ እየፈለግኩ ነበር። ግን ኦንላይን ላይ ያው ነገር ሃፍ ፕራይስ አየሁ እኮ።»

«እሱ የማሽን ነው።»

«ቢሆንስ? ማን ቼክ ያደርገዋል?»

ሻርፑን ገልብጬ ጠርዙን አሳየኋት፣ ጀርባውን አሳየኋት፣ መስኮቱ ጋ ወስጄ መስመሩን አሳየኋት። አፏን ከፍታ ሰማችኝ። «እርስዎ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?» አለች።

ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሚስ ኮማላ ትሬይን አድርገውኝ ነው» አልኳት። ሚስ ኮማላ አጠገባችን ቆመው ነበር። አማርኛ ባይሰሙም ስማቸው ሲጠራ ፈገግ አሉልኝ። አፈርኩ፤ ግን ቃሌን አላረምኩም።

ከሸማኔዎቹ ሁሉ የምወደው ራሙሉን ነበር። አግኝቼው አላውቅም። ደቡብ ህንድ ውስጥ ካለች መንደር ነው የሚልከው። የእሱ ጨርቅ ሁልጊዜ ግራ ጠርዙ ይላላል። «ይህ ሰው አንድ እጁ ታሟል» አልኳቸው ሚስ ኮማላን። ጠይቀውልኝ፣ በወጣትነቱ ክንዱ ተሰብሮ ነበር የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ወዲያ ልቤ አበጠ። ሲቸኩል አውቅበታለሁ፣ ሲረጋጋ አውቅበታለሁ። ስሙ ላይ የፈረምኩት ፊርማ ልጆቼ ከትምህርት ቤት በሚያመጡት ወረቀት ላይ ከፈረምኩት ይበልጣል።

አንድ ዓመት፣ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብና ሱቁ ሲጨናነቅ፣ የራሙሉ ካርቶን መጣ። አሥራ ሁለት ሻርፕ። የመጀመሪያውን አወጣሁ። ግራ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የመርፌ ቀዳዳ የሚባል የለም። ደሜ ፈላ።

«ሚስ ኮማላ፣ ይሄ ሰውዬ ከፋብሪካ ገዝቶ በስሙ ላከልን።»

«ራሙሉ? አያደርገውም።»

«እጁን አውቀዋለሁ። ይሄ የእሱ እጅ አይደለም።»

«በብርሃን አየኸው?»

«አያስፈልገውም። እኔ እኮ ሸማኔ ነኝ።»

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። በዚያ ቃል የኮራሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚስ ኮማላ ስልኩን አነሱ። መንደሩ ውስጥ ስልክ ያለው የሸማኔዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ነበርና ደወሉለት። ጸሐፊው ራሙሉን ጠይቆ መልሱን አመጣ፤ «የቤቴ ሥራ ነው» ብሏል፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። «ሌባም ሲያዝ ይሄንኑ ነው የሚለው» አልኩ። ሚስ ኮማላ፣ «በቃ፣ አንተን አምናለሁ» አሉ። አሥራ አንዱ ሻርፕ ወደ ህንድ ተመለሰ፤ አንዱን ለማስረጃ አስቀሩት። የራሙሉ ስም ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ማኅበሩም ነገሩን ሰምቶ አስወጣው።

ሚስ ኮማላ በየክረምቱ፣ ብርዱ ሲገባ፣ አገራቸው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ክረምት ሄደው ሲመለሱ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ራሙሉ ጋ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ዐይኑ ጠፍቷል። እኛ ካርቶኑን ከመመለሳችን በፊት ነው የጠፋው። እነዚያን ሻርፖች የሠራችው ልጁ ናት። ፓድማ ትባላለች።»

«ልጁ? ሴት ልጁ?»

ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነው። ሚስ ኮማላ ቀና ብለው አዩኝ። «አዎ፣ ሴት ልጁ። እዚያ መንደር ሴት ክር ታዳውራለች እንጂ የሽመናው ዕቃ ላይ አትቀመጥም። ማኅበሩ እንዳይመልስባቸው ፈርተው በእሱ ስም ላኩት። ጠርዙን መርፌ እንዳይበሳው ብላ ወርዱን በገመድ ነበር የምትወጥረው።»

«አሁንስ ምን ትሠራለች?»

«ዕቃውን ፈልጠው አነደዱት። እሷ ከተማ ወርዳ ልብስ ፋብሪካ ገብታለች። ማሽን ላይ።»

ማስረጃ ተብሎ የቀረውን ሻርፕ ከመሳቢያ አወጣሁና መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። መስመሮቹ አሉ። ከራሙሉ መስመሮች ይልቅ ይቀራረባሉ። ክንዷ አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው የጠቀለለችው። ያን ቀን አንድ ደቂቃ መስኮቱ ጋ ብቆም ኖሮ አየው ነበር።

ለምን እንዳልቆምኩ አውቀዋለሁ። በእኛም ቤት እናቴና እህቴ ይፈትላሉ፣ አባቴና እኔ እንሸምናለን። የራሙሉ እጅ አለመሆኑን በትክክል ዐይቻለሁ። የእሱ ካልሆነ የማሽን ነው አልኩ። በመሃል አንዲት ሴት ትኖራለች ብሎ ሐሳቤ አልሄደም።

በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ እህቴ አበበች ጋ ደወልኩ።

«አበቡ፣ ልጅ ሆነን አንድ ቀን አባባ የሚሸምንበት ጉድጓድ ውስጥ ገብተሽ ስትሸምኚ ተገኝተሽ ነበር። ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት አይለኝም? አንድ ክንድ ሠርቼ ነበር። አባባ ፈታው። ከዚያም ገረፈኝ።»

«ሥራሽ እንዴት ነበር?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አይተህ ሄደህ የነገርክብኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ጠርዟ ከእኔ ጠርዝ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ለዚያ ነው የነገርኩባት። ይህንኑ ነገርኳት። «አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ያንን ሻርፕ «ፓድማ» የሚል ምልክት ሰፍቼበት ከጀርባው ፈረምኩ። ሚስ ኮማላ አልሸጡትም። ማኅበሩ በእሷ ስም ትእዛዝ እንዲቀበል ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ እሷ ግን አልመለስም ብላ ላከች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሱቁ ኪራይ አላስቀምጥ አላቸውና ዘጉት። መደርደሪያውን ስናፈርስ ሻርፑን አጣጥፈው ሰጡኝ። አላመሰገንኳቸውም፤ እሳቸውም ምስጋና የጠበቁ አይመስለኝም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ምን እሠራ እንደነበር የሚጠይቀኝ ሲመጣ ሸማኔ ነበርኩ እላለሁ። በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይኼን ነው። ሦስት ፈተና ካለ ሦስቱንም አድርጉ። ጨርቁ የምታውቁትን ሰው እጅ ካልመሰለ፣ ታዲያ የማን እጅ ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።