የሰባት በር ቂንጬ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ሰዓት አልነበረም፤ በሰዓት ፋንታ የነበረን ተረት ነው። ገርጂ ያኔ ከቤት ይልቅ የገብስ ማሳ የሚበዛባት ዳር ሰፈር ነበረችና፣ ጠዋቱን ከቦሌ በሚነሳው አውሮፕላን ድምፅ፣ ምሽቱን በምድጃው ፍም እንለያለን እንጂ ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ምስር ወጥ አንድ የጦጣ ተረት ይፈጃል። ድንች አልጫ የቀበሮዋን ሠርግ ያህል ይቆያል። ቂንጬ ደግሞ ረጅሙን፣ ሰባት በር ያንኳኳውን ጅብ ተረት ይፈልጋል። ይህን ልክ ያወጡት የእናቴ አባት፣ አባባ ካሳ ነበሩ።

አባባ ካሳ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በመንገድ ሥራ ካምፕ ምግብ ሲያበስሉ ነው። በአካፋ ሲዝቁ የዋሉ ሰዎች ርቧቸው እየመጡ የድስቱን ክዳን ሲያነሱባቸው፣ በጭልፋ ከማባረር በወሬ መያዝ ይሻላል ብለው ተረት ጀመሩ። ጡረታ ወጥተው እኛ ዘንድ ሲመጡ አባታችን የአሰብ መስመር ሹፌር ነበርና ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል፤ እናታችን ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ጓዳው ባለቤት አልነበረውም፣ እሳቸው ያዙት።

የቀበሌው ኅብረት ሱቅ አንድ ወር መኮሮኒ፣ አንድ ወር ምስር፣ አንድ ወር ስንዴ ይሰጠን ነበር። አባባ የመጣውን ተቀብለው አዲስ ነገር ያወጡና በእኛ ላይ ይሞክሩታል። እኔ ሰናይት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ታላቅ፣ የተሰጠኝን ሁሉ እበላለሁ። ወንድሜ ብንያም ሽንኩርት እየለቀመ ያወጣል። ትንሿ ማርታ ካሮት ካየች አፏን ዘግታ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አባባ ጣፈጣችሁ ወይ ብለው ጠይቀውን አያውቁም፤ ስንበላ ዞር ብለው ስንጨርስ ሳህናችንን አጎንብሰው ያያሉ። አፍ ያፍራል፣ ሳህን ግን አያፍርም ይሉ ነበር።

ማርታን የረታት ቂንጬው ነው። ሽንኩርቱን አድቅቀው በዘይት ያለሰልሱና፣ ካሮቱን ሞርደው ሞርደው እንዳይታይ አድርገው ከእርድ ጋር ይጨምሩበታል። ለአንድ ጣሳ ቂንጬ ሁለት ጣሳ ውሃ። ውሃው ሲፈላ ጨው፣ ከዚያ ቂንጬው፣ አንድ ጊዜ ማማሰል፣ ከዚያ ፍሙን በተን አድርጎ መክደን። ክዳኑ ከተደፋ በኋላ ማንም አይነካውም፤ እንፋሎቱ ከወጣ ቂንጬው ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ያርራል። ደረሰ ወይ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ተረቱ አላለቀም»።

ያኔ ፋኖሱ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፣ የፍሙ ቅላት የአባባን ጢም ከታች ያበራዋል፣ የሽንኩርቱና የእርዱ ሽታ ደግሞ ሆዳችንን ያስጮኸዋል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ አባባ ግን ጅቡ ቁርበት ሲለምን ያንኳኳቸውን ሰባት በሮች አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። በየበሩ አንድ ሰው ጅቡን በአንድ ነገር ይጠረጥረዋል፣ በድምፁ፣ በአካሄዱ፣ በጥርሱ። በሰባተኛው በር አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በጠረኑ አውቃ ታባርረዋለች፣ ያን ጊዜ ክዳኑ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ግን ከአጥር ውጪ መሳቂያ ነበር። እነ ሰናይት ቤት ወጡን የሚያማስለው ባለ ጢም ነው እየተባለ በኅብረት ሱቁ ሰልፍ ላይ ይወራል። እናቴ ብዙ ቻለች፤ አንድ ምሽት ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ጓዳውን ለሰናይት ይተዉላት። ሰው እየሳቀብን ነው።»

አባባ በማግስቱ በርጩማቸውን ይዘው ደጅ ተቀመጡ። ጭልፋው ለእኔ ደረሰኝ፣ ተረቱም ከእሳቸው ጋር ደጅ ወጣ። እኔም በየደቂቃው ክዳን እያነሳሁ ምስሩን ጥሬ፣ ድንቹን ገንፎ አደረግሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ብንያምና ማርታ ሳህናቸውን ገፉት። አባባ ከደጅ ሆነው ያዩ ነበር፣ እኔም ማየታቸውን አይ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል።

በዚያው ሰሞን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ለመዋዕለ ሕፃናቱ ቁርስ የሚሆን ርካሽ ምግብ ሊያወዳድር ሆነ። ስድስት ቤት ተመረጠ፣ አንዱ የእኛ። የሚፈርዱት ሕፃናቱ ራሳቸው ናቸው፣ ቀድሞ ድስቱ ባዶ የሆነ ያሸንፋል። እናቴ ፈረቃዋ ስላልተለወጠላት እኔን ላከችኝ። ከመሄዴ በፊት ደፈር ብዬ፣ ልጆቹ ከበሉልኝ ጓዳውን ለአባባ ትመልሺላቸዋለሽ ወይ አልኳት። እሺ አለች።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስድስት ምድጃ ተደርድሯል። ለእያንዳንዳችን የተሰጠን ድስት የሠርግ ድስት ነበር። ሞረድኩ፣ አቁላላሁ፣ ቂንጬውን ለካሁ፣ ከደንኩ። ከዚያ እጄ ወደ ክዳኑ መሄድ ሲጀምር ያለኝ መድኃኒት አንድ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። አፍሬ፣ ለራሴ ያህል ጅቡን ጀመርኩ። ሁለተኛው በር ላይ ስደርስ ሁለት ሕፃናት አጠገቤ ተቀምጠዋል። አምስተኛው ላይ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ምድጃዬን ከቦታል።

ሰባተኛው በር ላይ አሮጊቷ ጅቡን አሽትታ ልታባርረው ስትል፣ እኔም አሸተትኩ። ከድስቱ የሚወጣው የጥሬ ስንዴ ሽታ ነው። ተረቱ የተለካው ለቤታችን ድስት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ዘነበች፣ ድምፃቸው ብቻ ሰልፍ የሚያስተካክል ሴት፣ የሌሎቹ ቀርቧል፣ ያንቺስ ምነው ብለው እጃቸውን ወደ ክዳኑ ሰደዱ።

«አይንኩት እትዬ» አልኩ። «ተረቱ አላለቀም።»

ወደ ኋላ መመለስ ስላልቻልኩ ጅቡን ወደ ስምንተኛ በር ወሰድኩት፣ ወደ ኅብረት ሱቅ። ባለ ሱቁ ካርድህን አሳይ አለው። ጅቡም እኔ የፈለግሁት ቁርበት እንጂ ስኳር አይደለም አለ። ቢሆንም ተሰለፍ ተባለ። ተሰለፈ። ከፊቱ የቆመችው አህያ ናት። እንዳይበላት ሰው ያያል፣ እንዳይሄድ ተራው ይታለፋል፤ ምራቁን እየዋጠ ጨዋ ሆኖ ቆመ። ይህን ስል ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በቀበሌ ሱቅ መቀለድ የሚያስፈራ ነበርና፣ ሁሉም የእትዬ ዘነበችን ፊት አየ። እትዬ ዘነበች ጥቂት ኮስተር አሉ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አህያዋ ስኳሯን ተቀብላ ስትሄድ ዕቃ አልቋል ተብሎ ሱቁ ተዘጋ። እኔም ክዳኑን አነሳሁ።

እያንዳንዷ ፍሬ ለየብቻ ተፈልቅቃ ነበር። ሌሎቹ ድስቶች አጋማሽ ሳይደርሱ የእኔን ልጆቹ በጣታቸው ጠረጉት። አንዲት ትንሽ ልጅ ጭንቅላቷን ድስቱ ውስጥ ከትታ ላሰችው፤ በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ሽልማት አላገኘሁም።

ድስቱን ተሸክሜ ስወጣ አባባ ካሳ ከአዳራሹ መስኮት ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሴቶች ዝግጅት ነውና አልገቡም፣ ግን ከመጀመሪያው በር ጀምሮ ሰምተዋል። እንደ ልማዳቸው አጎንብሰው የድስቱን ሆድ አዩ።

«ሰባቱ በር የእኔ ነው» አሉ። «ስምንተኛውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ተረቱ ያንቺ ነው።»

እናቴ ቃሏን ጠበቀች፣ በርጩማውም ወደ ጓዳ ተመለሰ። በሳምንቱ በሰልፍ ላይ ይስቁ የነበሩት ሴቶች በአጥራችን ብቅ እያሉ፣ አባባ፣ ምስር ስንት ተረት ይፈልጋል፣ ድንችስ ብለው ይጠይቁ ጀመር። አባባም ጢማቸውን እያሻሹ፣ ሳይቸኩሉ ይመልሱላቸው ነበር።

ዛሬ በየኪሳችን ሰዓት አለ፣ እኔ ግን ቂንጬ የምከድነው አሁንም በጅቡ ነው። ባለፈው የልጅ ልጄ ርቦት እጁን ወደ ክዳኑ ሲሰድ፣ ሳልነግረው ራሱ መለሰውና፣ አያቴ፣ ዘጠነኛው በር የማን ነው አለኝ። የአንተ ነው፣ አንኳኳ አልኩት።