ያጠብኳት ጄት

ቆሻሻ ሳይ እጄ አያርፍም። ካይሮ ውስጥ የምኖረውም በዚሁ ነው። ከአርድ ኤል ሊዋ በማይክሮባስና በሜትሮ ማዓዲ ድረስ እየተመላለስኩ የሰው ቤት አጸዳለሁ። አንዷ ማዳም ለሌላዋ የምታወራልኝም በጽዳቴ ነው፤ በሌላ ነገር ሰው አመስግኖኝ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ያደረግኩትን ሳደርግ፣ ማጥፋቴን መጠርጠር ቀርቶ ምስጋና እጠብቅ ነበር።

ማዳም የቀጠረችኝ ለአባቷ ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። እኔ ሐጂ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ለማለት "ያ ቢንቲ" ይሉኛል። ሳሎን መደርደሪያ ላይ ስንዝር ተኩል የምትሆን የፕላስቲክ ጄት ነበረቻቸው። ምን ያህል ቆሻሻ ነበረች መሰላችሁ! ሆዷ ዘይት ተንጠባጥቦበታል፣ ጭራዋ ጥላሸት ጠጥቷል፣ ክንፏ አቧራ ለብሷል። ከእኔ በፊት የነበረችውን ሠራተኛ በሆዴ እየረገምኩ፣ ሐጂ ከሐኪም ቤት ሳይመለሱ በለብታ ውሃ፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ አጠብኳት። ውሃው ጠቆረ፣ እሷ ጠራች።

ሐጂ እንደተመለሱ እንደ ልማዳቸው አንስተው ዳሰሷት። ደግመው ዳሰሷት። ዓይናቸው ቅርጽ እንጂ ዝርዝር አያይም፣ ጣታቸው ግን የመካኒክ ጣት ነው።

"ምን አደረግሻት?"

"አጠብኳት ሐጂ። ቆሽሻ ነበር።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ከ"ሻይ" እና ከ"መድኃኒት" በቀር ቃል አልወጣቸውም። እኔም ሥራዬን እንዳጣሁ ቆጥሬ ዕቃዬን በየቀኑ ሰብስቤ እወጣ ነበር።

በአራተኛው ቀን ነገሩኝ። ያ ቆሻሻ የአንድ ዓመት ሥራቸው ነበር፣ ዓይናቸው ብርሃን ሳለ በቀለም የሠሩት። እሳቸው ሲጠግኗት የኖሩት እውነተኛዋ ጄት ጡረታ ወጥታ አንድ ጦር ሰፈር በር ላይ ቆማለች። ሊያዩዋት ሄደው አዲስ ቀለም ተቀብታ ስታብረቀርቅ አገኟት። "እንደ ሙሽራ ኩለው አቆሟት። ያ ሁሉ ዓመት የሠራች አትመስልም" አሉኝ። እሳቸው በሚሠሩበት ዘመን ጦር ሰፈሩ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበር፣ እንደነበረች የምትታየው መደርደሪያቸው ላይ ብቻ ነበር። ትንሿን ጄት ፎቶ አንስታት እንደሆነ ማዳምን ጠየቅኳት። "የባባን መጫወቻ?" ብላ ሳቀችብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን ተለቅሞ የሚያልቅ አልነበረም።

"ያወረድሽው አንቺ ነሽ፣ የምትመልሺውም አንቺ ነሽ" አሉኝ። "እኔ እነግርሻለሁ።"

ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ እንቀመጥ ጀመር። ቡናማና ጥቁር የዘይት ቀለም፣ ቲነር፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ከቀለም ጠመኔ የተፈጨ ዱቄት። አንዲት ጠብታ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ቲነር በነካ ብሩሽ ከአፍንጫ ወደ ጭራ እስባለሁ፤ ነፋሱ የሚሄደው ወደዚያ ነዋ። መጀመሪያ አብዝቼ ቀባሁ። በአፍንጫቸው አጠገብ ይዘው አዩና "ጄት ናት እንጂ የጋራዥ ወለል አይደለችም" አሉ። አንዴ መስመሩ ጠሞብኝ የቀባሁትን በሻርፔ ጫፍ ጠረግኩት። "ማሌሽ፣ ምንም አይደለም፣ እንደገና" ብቻ አሉኝ። እዚህ ጋ ነዳጅ ያፈስ ነበር፣ እዚህ ጋ ቦታው እየጋለ ቀለሙን ይበላው ነበር ሲሉኝ፣ ቆሻሻ ምክንያት እንዳለው ገባኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወደድኩት።

የቀረው አፍንጫዋ ብቻ ነበር። እውነተኛዋን ያበርራት የነበረው ጓደኛቸው ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ ባዶ መዳፉን አፍንጫዋ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጣ። ጓደኛቸው ዛሬ በሕይወት የለም። ሐጂ ያንን ቦታ ትንሿ ላይ የሠሩት የእርሳስ ዱቄት በገዛ ጣታቸው አሽተው ነበር። እሑድ "በግራ በኩል ነው" አሉኝ። ማክሰኞ ዱቄቱን ፈጭቼ ስቀርብ "በቀኝ ነው አላልኩሽም?" አሉ።

ተነሥተው ጠረጴዛውን በዳበሳ ዞሩት፣ መዳፋቸውን ዘርግተው በአየር ላይ በአንድ በኩል ሞከሩ፣ በሌላው ሞከሩ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ዓይናቸው ሲደክም ያልፈሩት ሰውዬ ያን ቀን ሲፈሩ አየሁ፤ እኔም አብሬ ፈራሁ።

"ያዕኒ፣ ይህ እንዴት ይጠፋኛል?" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ እኮ አይተሻታል። ዓይንሽ ደህና ነው። ስታጥቢያት በየት በኩል ነበር?"

ያንን አፍንጫ በእጄ ይዤ ፈትጌዋለሁ። ለማስታወስ ታገልኩ። የመጣልኝ ውሃው ሲጠቁር ነው፣ የመጣልኝ ኩራቴ ነው። ቦታውን አላየሁትም። ቆሻሻ ብቻ ነበር ያየሁት።

"በግራ ነው" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወላሂ፣ ሐጂ።"

ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። ጣቴን ይዘው ዱቄቱ ውስጥ ነከሩት፣ በግራ በኩል አፍንጫዋ ላይ አድርገው በቀስታ አሹት።

"ኸላስ፣ አለቀ" አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "እጁ እዚህ ነበር።"

"አዎ ሐጂ" አልኳቸው፣ "እዚህ ነበር።"