ከአስመራ መጣ የተባለው ሻል

ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀበት በ፲፱፻፴፬ ዓ.ም. ኅዳር፣ መድፉ ገና ሳይበርድ፣ የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ቤት ጣሪያ ወረደ። ሚስታቸው ከሥሩ አልተነሡም። ልጃቸውን እንኳየሁን ጎረቤት ፍርስራሹን ገልጦ አወጣት። ነፍሷ ተርፏል፤ ቀኝ እጇ ግን ተቀጥቅጧል። ወጌሻ ጠገነው፣ አጥንቱም ገጠመ፤ ጣቶቿ ግን ተቆልምመው ቀሩ። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። እንዝርት ማሾር ብቻ አልሆነላትም።

ይህ ለዛሬ አንባቢ ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል። ያኔ በእኛ አገር ሴት የምትመዘነው በፈትሏ ነበር። እመቤትም ብትሆን ገረድ፣ ትፈትላለች። አክስቷ ያችን እጅ እያዩ "የማን ቤት ትገቢ ይሆን፣ ልጄ?" ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው።

አንድ ቀን ጣሊያኖች ትተውት ከሄዱት ቤት እንጨት ስትለቅም በክር የተሠራ፣ ያልተጨረሰ የእጅ ቦርሳ አገኘች። አንዲት የጣሊያን ሴት ጀምራው የተወችው ነው፤ ጫፏ ቆልመም ያለች መርፌ እንደተሰካችበት ነበር። ሥራው ኪሮሽ እንደሚባል የነገራት የለም። ቦርሳውን ጥቂት ተረተረችና መልሳ ልትሠራው ሞከረች፤ ተበላሸ። ደግማ ተረተረችው። ክሩ እስኪሳሳና እስኪበጣጠስ ድረስ እንዲህ ስታደርግ ከረመች። ያች መርፌ እንደ እንዝርት በጣት መሾር አትፈልግም፤ በጭብጥ ይዘው ነው የሚስቧት። ለእሷ እጅ ተብላ የተሠራች ትመስል ነበር።

ወልደ ገብርኤል የሚባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አገባት። ታየችን ወለደችለት፤ ልጅቱ ድክ ድክ ማለት ሳትጀምር እሱ በንዳድ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ የኖሩት በመርፌዋ ነው። የደገኞቹን ሴቶች የሱፍ ፈትል ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ትገዛለች፤ ባለቀለሙን ቀጭን ክር ዳኛው የሚባል ነጋዴ ያመጣላታል። የእጅ ቦርሳ ትሠራለች፣ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ሻል ትሠራለች። ዳኛው ፒያሳ ባለው ሱቁ ሰቅሎ "የአስመራ ሥራ ነው" እያለ ይሸጠዋል።

"ምነው ያንቺ መሆኑን ቢናገር?" አልኋት አንድ ቀን።

"አያ፣ የጎንደር ሰው ለጎረቤቱ እጅ ገንዘብ ያወጣል እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ቦርሳዬ ከአስመራ መጣ ተባለ፤ እኔ ከአምባ ጊዮርጊስ እንኳ አላለፍሁ!"

ታየች አደገች፤ አስኳላ ገብታ ሸጋ ልጅ ሆነች። የአምባ ጊዮርጊስ ባለ ርስት ከሆኑት ከወይዘሮ ውዱ ዘንድ፣ ሰጠኝ ለሚባለው ልጃቸው ሽማግሌ ተላከ። ሰጠኝ ጸሐፊ ነው፤ ልጅቱን ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። ቀን ተቆረጠ፤ ጌሾውም ተገዛ። ይኸን ጊዜ ሱፍ ሻጮቹ ሴቶች ክፉ ሳያስቡ "የሙሽራይቱ እናት እኮ ደንበኛችን ናት፤ በክር ልብስ ትሠራለች" ብለው ገበያ ላይ አወሩ። ወሬው ወይዘሮ ውዱ ዘንድ ሲደርስ "ሸማኔ ናት" ሆነ።

በዚያ ዘመን ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ እንዴት ይታይ እንደነበር መጻፍ ያሳፍራል። የሠሩትን እንለብሳለን፣ እንበላበታለን፤ ከልጆቻቸው ጋር ግን አንጋባም።

ነገሩ ይጣራ ተባለና በእንኳየሁ ቤት ተቀመጥን። በዚያ በኩል ወይዘሮ ውዱ ራሳቸው፣ አለነ የሚባለው አማላጅ ሽማግሌና ሌሎች ዘመዶች፤ በእሷ በኩል እኔና የነፍስ አባቷ። ታየች ከጓዳ ነበረች፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አያለሁ።

"ክሩን ትፈትለዋለች ወይስ ታያይዘዋለች?" ብሎ አለነ ጀመረ።

"ታያይዘዋለች" አልሁ።

"ካያያዘች ሸማኔ ናት።"

"ሸማኔ ጉድጓድ ገብቶ፣ መወርወሪያ ይዞ ነው። ይህች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በአንዲት መርፌ ነው የምትሠራ።"

"ጉድጓዱ ምን ለወጠው፣ አንተ ሰው! ሸማኔ ከጉድጓዱ ቢወጣ ቄስ ይሆናል?"

ተሳሳቁ። የነፍስ አባቷ ግን አልሳቁም። "እኔም የመቅደሱን መጋረጃ በክር እጠልፋለሁ፤ እንግዲያ ሸማኔ በሉኛ" አሉ።

"አባ፣ የእርስዎ ለእግዜር ነው፣ ገበያ አይወጣም" አሉ ወይዘሮ ውዱ።

አለነ ክፉ ሰው አልነበረም። ጋብቻው እንዳይፈርስ መውጫ አበጅቶ ነው የመጣ። "እንኳየሁ፣ ስሚኝ እህቴ። ነገር አናክርር። 'እኔ አልሠራም፤ ዳኛው ከአስመራ የሚያስመጣውን ተቀብዬ እሸጣለሁ' በይ። ንግድ ነውር የለበትም። ዳኛውም ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል። በሳቅ እንለያይ፤ ልጆቹም ይጋቡ" አላት።

ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እኔም በልቤ "በይው፣ አንዲት ቃል ናት" እላለሁ። የእሷ ዐይን ግን ወይዘሮ ውዱ ትከሻ ላይ ነበር። ብርድ ነውና ሰማያዊ ሻል ጣል አድርገዋል።

"እመቤቴ፣ ይህን ሻል ከየት ገዙት?"

"ከዳኛው ሱቅ። የአስመራ ነው።"

"ቀኝ ጫፉን ይገልብጡት። ሰማያዊው ክር አልቆብኝ ከደገኞቹ የገዛሁትን ቡናማ ሱፍ ቀጥዬበታለሁ።"

ወይዘሮ ውዱ ገለበጡት። ቡናማው አለ። ሻሉን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወረዱና በሁለት ጣት ይዘው መደቡ ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን ብቻ ተከናንበው በዚያ ብርድ ወጡ። ሰዎቻቸውም ተከተሏቸው። አለነ በሩ ላይ ዘወር ብሎ "ምነው እህቴ? ምነው?" አለና እሱም ሄደ።

ታየች ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም። "የዳርሽው እኔን አይደለም፤ መርፌሽን ነው" አለቻት።

ሰጠኝ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ሳይል ቀረ፤ በዓመቱ ሌላ አገባ። ታየች ክረምቱ ሳይገባ የጭነት ማኪና ተሳፍራ፣ በዚያው በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ አልፋ፣ አስመራ ሄደች። አልተመለሰችም፤ ቃልም አልላከች። ከዚያ የመጣ ሰው ሲገኝ እንኳየሁ "ብርዱ እንዴት ነው?" ትላለች እንጂ ስለ ልጇ አትጠይቅም።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ፖንቾ የሚሉት መጣ፤ እጅጌ የሌለው፣ በአንገት የሚጠልቅ። የቆሎ ተማሪዎች "ደበሏችንን ወይዛዝርቱ ወሰዱብን!" እያሉ ተሳለቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ የከተማው ሴት ሁሉ ለበሰው። ዳኛውም "የእንኳየሁ እጅ ነው" እያለ ይሸጥ ጀመር፤ ስሟ ዋጋ አወጣ። የሹም ሚስት፣ የዳኛ ሚስት ደጃፏ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ስለ ሸማኔነቷ የሚያነሣ ጠፋ። ጠፍቶም ለእሷ የመለሰላት ነገር የለም።

አንድ ቀን የሰጠኝ ሚስት መጣች። ወይዘሮ ውዱ ከአጥሩ ውጭ በበቅሏቸው ላይ እንዳሉ ጠበቁ፤ አልወረዱም። እንኳየሁ ልጅቱን ለካቻት፤ በቀጠሮዋም ሸጋ ፖንቾ ሠርታ ሰጠቻት።

"እንዴት አስቻለሽ?" አልኋት።

"ልጅቱ ምን አደረገችኝ፣ አያ? ትከሻዋ የታየችን ያህላል።"

ያን ጊዜ ነው ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን ያወጣሁት። "ያን ቀን ያችን አንዲት ቃል ብትያት ኖሮ" አልሁ። መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ሰው ሁሉ ከልጄ ሥራዬን ያስበለጥሁ ይመስለዋል። ሥራው ምንድር ነው? ክር ነው፤ ቢስቡት ይተረተራል። ከሁሉ የበለጠችብኝ ታየች ነበረች። ጡቴ ሲደርቅ ወተት የገዛሁላት፣ አስኳላ ያስገባኋት በዚህች መርፌ ነው። አልሠራሁም ብል፣ ልጄ በነውር አደገች ብዬ በሰው ፊት መመስከሬ ነው። እሷን አልክድም ብዬ ነው፣ አያ። እሷ ግን የካድኋት መሰላት።"