በቤታችን ጸሎት ስሟ የሚጠራው ሴት

አምና በኅዳር ሚካኤል ዝክራችን ላይ የሆነ ነው። ባለቤቴ ይህን ቢያነብም ያንብብ!

የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የቀድሞው የንስሐ አባታችን ስላረፉ የተተኩት ቄስ ዳቦውን ባርከው፣ የቤተሰቡን የክርስትና ስም ጮክ ብለው ጠሩ። የባለቤቴን፣ የእኔን፣ የልጆቻችንን። ቀጥለው «ወለተ ማርያም» አሉ። ቤታችን ውስጥ ወለተ ማርያም የምትባል የለችም። ባለቤቴን አየሁት፤ ዐይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል።

ስሞቹን የነገራቸው እሱ ነው። ደሜ ፈላ። የጎረቤቴ የአንጓች የክርስትና ስም ወለተ ማርያም እንደሆነ ትዝ አለኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የኔው ሰውዬ አጥሯን ሲጠግን የሚውለው ለካ በከንቱ አይደለም! ሰላምታ ነሳኋት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት።

በመጨረሻ አልቻልኩም። «ንገረኝ፣ አንጓች ናት አይደል?» አልኩት።

«ኧረ በስመ አብ!» አለና ተቀምጦ አወራኝ።

በደርግ ጊዜ ለእርሻ ትምህርት ዩጎዝላቪያ ተልኮ ነበር። አገሩ እንደኛው ሶሻሊስት፣ እንደኛው የብዙ ብሔር አገር ነበር። አንድ ቀን አንደኛው ብሔር መብቴ ይከበር ብሎ ተነሣ፤ ተኩስ ሆነ። ፖሊስ የውጭ ተማሪውንም «ቀስቃሽ» እያለ ይለቅም ጀመር። ከተነሡት ወገን የሆነች አንዲት የክፍሉ ልጅ ቤቷ ደበቀችው። ፖሊሶች ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ «እጮኛዬ ነው፤ ሰሞኑን ከቤት ወጥቶ አያውቅም» አለች። እሱን ተዉት፤ እሷን ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰች አልሰማም። ሙስሊም ስለነበረች የክርስትና ስም የላትም፤ ለጸሎት እንዲሆን ራሱ አወጣላት።

ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔ በምጥ ልሞት ስል ያላለቀሰ ሰው! ምነው አንጓች በሆነች አልኩ። አንጓችም እኔም አርጅተናል። ያቺ ግን እሱ ልብ ውስጥ ዛሬም የሃያ ዓመት ልጅ ናት። ከሷ ጋር በምኔ ልፎካከር?

ዘንድሮ ቄሱ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ መጥተው «ይህች ወለተ ማርያም ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ባለቤቴ አቀረቀረ። ያልተጠመቀች መሆኗን ካወቁ ስሟን መጥራት ይተዋሉ።

«ዘመዳችን ናት፣ አባ» አልኩ ቀደም ብዬ። «ሩቅ አገር ስለሆነች ወሬዋን አንሰማም። እባክዎ አይርሷት።»

አሁንም እቀናለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያን ቀን በሩ ላይ ባትቆም ኖሮ፣ የምቀናበት ባልም አይኖረኝም ነበር።